ጋላቢ የሌላት በቅሎ

መንግሥት ተለውጦ ገና መንፈቅ ሳይሞላው፣ በ1984 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ ጂንካ ዝናቡ ጠንክሮባት ነበር። ከአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ዝቅ ብላ ያለችው የአስካለ ቤት ጣሪያዋ አርጅቷል። ቆርቆሮው በምስማሮቹ ዙሪያ ዝጎ ተበስቶ፣ ውሃው በግድግዳው እየተንሸራተተ መደርደሪያው ላይ ሲወርድ ሰንብቶ ኖሮ፣ እሷ ያወቀችው የሻገተ ነገር ሲሸታት ነው። ዕቃውን አንድ በአንድ አውርዳ ስታይ ሌላው ሁሉ ደህና ነው። ውሃ የገባበት ክዳኑ የማይገጥመው የዱቄት ወተት ጣሳ ብቻ ነበር። ጣሳው ውስጥ ያሉት ደግሞ ፎቶግራፎቿ ናቸው።

እርስ በርሳቸው ተጣብቀዋል። ለዓመታት በጣሳው ቅርፅ ተጠቅልለው ስለኖሩም ቀጥ አልል አሏት። ጠርዛቸውን በጥፍሯ ቀስ እያለች አላቀቀች፤ አልጋው ላይ ነጠላ ዘርግታ ደረደረቻቸው፤ እንዳይጠቀለሉ ጥጋቸው ላይ ማንኪያና የባትሪ ድንጋይ ጫነችባቸው። ይህን ስታደርግ ልጇ ሽታዬ ከትምህርት ቤት ገባች። ሽታዬ ሰባት ዓመቷ ነው፤ እነዚህን ፎቶዎች አይታቸው አታውቅም። እናቷ ለማንም አታሳያቸውም ነበርና።

«እማ፣ ይቺ በቅሎ ላይዋ ለምን ተቀደደ?» አለች።

ፎቶው ላይ አንድ ባዶ እግሩን የሆነ ሰው ልጓም ይዞ ቆሟል። በቅሎዋ ኮርቻ ተጭናለች። ከኮርቻው በላይ ግን ወረቀቱ በመቀስ ተቆርጦ ወጥቷል። እርካቡ ላይ አንድ ጫማ ብቻ ቀርቷል፤ የጫማው ባለቤት የለም።

አስካለ ጣሳውን በጨርቅ ስትወለውል ቆየች። ሽታዬ ደግሞ ሌላውን ፎቶ ቀና አድርጋ፣ ይሄኛውስ፣ ይሄኛውስ ትላለች።

ነገሩ ከሥሩ ሲነገር እንዲህ ነው።

የአስካለ አባት ተሰማ ይባላል። አያቱ በድሮ ጊዜ ከመንዝ ከዘማች ጋር መጥተው በዚያው የቀሩ ሰው ናቸው። ተሰማም ከከተማው በላይ ባሉት የአሪ ኮረብታዎች ሰፊ መሬት ወርሶ፣ ጭሰኞች እያረሱለት፣ በበቅሎ ሲወጣና ሲወርድ ኖረ። ፎቶዎቹን ያነሳው ለወባ ማጥፊያ ሥራ የመጣ አንድ ሰው ነው። ተሰማ ቤት በእንግድነት ሲከርም ካሜራውን አውጥቶ ሁለት አነሳቸው። አንደኛው ተሰማ በቅሎው ላይ ተቀምጦ፣ ጭሰኛው ኤርጎ ልጓም ይዞ ነው። ሁለተኛው መላ ቤተሰቡ በራፉ ላይ ሆኖ ነው፤ እናትየዋ አሰገደች አራስ ልጇን ዘውዴን ታቅፋ ተቀምጣለች፤ አስካለ ፀሐዩ ገርፏት ዓይኗን ጨፍናለች፤ አባቷ ከኋላዋ ቆሞ እጁን ትከሻዋ ላይ አድርጓል።

በ1967 ዓ.ም. የካቲት መሬት ለአራሹ ሆነ። አዋጁ በራዲዮ ሲነገር ተሰማ ቁርስ ላይ ነበር ይባላል። ወር ያህል ከቤት ሳይወጣ ከረመ፤ ከዚያ አንድ ቀን ጠመንጃውን ይዞ፣ በቅሎዋን ትቶ፣ በእግሩ ወደ ቆላው ወረደ። ሸፈተ ተባለ። አስካለ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

ፈላጊዎቹ ሊመጡ ነው የሚል ወሬ የደረሰ ዕለት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አስካለ ከጓሮ ስትገባ እናቷን ምድጃ አጠገብ ተቀምጣ አገኘቻት። የጨርቅ መቀሱን ይዛለች። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እያነሳች የተሰማን ምስል ዙሪያውን ቆርጣ ታወጣና እሳት ውስጥ ትጨምራለች። ከበቅሎዋ ላይ አወጣችው። ከበራፉ ፎቶ ላይ ግን መላ ሰውነቱን ለማውጣት ልጅቷን መቁረጥ ስለሚሆን፣ ከአንገት በላይ ብቻ ቆርጣ ተወችው። እጁ አስካለ ትከሻ ላይ እንዳለ ቀረ። አሰገደች ልጇ ቆማ እንደምታያት አላወቀችም። አስካለም «ምን እያደረግሽ ነው?» አላለችም። ትቶን ስለሄደ ተናዳበት አቃጠለችው ብላ በልቧ ያዘችው፤ እንደያዘችውም ቀረ።

ከሰዓት በኋላ ሁለት ፖሊሶችና ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጡ ዘማች ወጣቶች ቤቱን በረበሩት። አንደኛው ወጣት የበቅሎዋን ፎቶ አነሳና ሳቀ።

«ጌታው የት ወረዱ?» አለ።

«በቅሎዋን ጠይቃት» አለችው አሰገደች።

ወጣቱ ፎቶውን መልሶ ጠረጴዛው ላይ ጣለውና ሄዱ። ከዚያ በኋላ ግን ቤቱ ሰላም አላገኘም። አሰገደችን እየጠሩ ይጠይቋታል፤ ባሏ የት እንዳለ አታውቅም፤ ብታውቅም አትናገርም። ሰኔ ላይ ወደ ትውልድ አገሯ ወደ ፍቼ፣ ወንድሟ ቤት ለመሄድ ወሰነች። ያላትን ሸጣ የተረፋት ገንዘብ ለአንድ ሰው የአውሮፕላን መሳፈሪያ ብቻ የሚበቃ ነበር። ዘውዴ በጭን ላይ ይሄዳል። አስካለ ትቆያለች።

የጂንካ አውሮፕላን ማረፊያ በከተማው መሀል ያለ የሣር ሜዳ ነው። በሌላው ቀን ከብት ይግጥበታል፤ አውሮፕላን ሲመጣ ዘበኛው ላሞቹን እየሮጠ ያባርራል፣ የከተማው ልጅ ሁሉ ዳር ላይ ይሰለፋል። የዚያን ቀን አሰገደች ልጇን ከሁለቱ ፎቶዎች ጋር ለየሺመቤት አስረከበቻት። የሺመቤት የአስካለ የክርስትና እናት ናት፤ ባሏ ሞቶባት፣ ልጅ ሳይኖራት፣ ከሜዳው ዳር ሻይ ቤት ከፍታ የምትኖር ሴት። እናትየዋ ጎንበስ ብላ፣ ዘውዴ ጡት ስላልጣለ ነው፣ አንቺ ትልቅ ልጅ ነሽ፣ ለመስቀል መጥቼ እወስድሻለሁ አለቻት። አስካለ የእሳቱ ነገር ሆዷ ውስጥ አለ። ፊቷን አዞረች። እናቷ ጉንጯን ልትስማት ስትል የሳመችው ፀጉሯን ነው።

መስቀል መጣ፤ አለፈ። ገናም መጣ።

የሺመቤት ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ጨዋታ ግን አታውቅም። ልጅቷን አበላቻት፣ አለበሰቻት፣ ትምህርት ቤት አስገባቻት። በምላሹ አስካለ ከኔሪ ወንዝ ውሃ ትቀዳለች፣ ብርጭቆ ታጥባለች፣ እንጨት ትፈልጣለች። አስካለ አንዴ፣ እትዬ የሺ፣ እኛስ ለምን ፎቶ አንነሳም ብላ ብትጠይቃት፣ «ፎቶ ለሚሄድ ሰው ነው። እኔ የትም አልሄድም» ብላ ሥራዋን ቀጠለች። እውነትም የሺመቤት የተነሳችው አንድም ፎቶ የለም።

አውሮፕላን በመጣ ቁጥር አስካለ ብርጭቆውን ትታ ትሮጣለች። የሺመቤት ይህን አልከለከለቻትም። ሜዳው ዳር ከሌሎቹ ልጆች ለይታ ትቆማለች፤ እናቷ ከደረጃው ስትወርድ ከሩቅ እንድታያት። እንድታውቃትም ብላ የመለያየታቸው ዕለት የለበሰችውን ቢጫ ቀሚስ ትለብሳለች። ከአውሮፕላኑ የመንግሥት ሠራተኛ ይወርዳል፣ የፖስታ ከረጢት ይወርዳል፣ መድኃኒት ይወርዳል። በሩ ይዘጋል። ላሞቹ ይመለሳሉ። ቀሚሱ እያጠራት፣ ብብቱ እየተተረተረ ሄደ፤ በመጨረሻ በራሷ አልገባ አለ። ያኔ በትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋው መሄድ ጀመረች። ልጆቹ ሳቁባት፤ እሷ ግን የሚስቁት ስለማያውቁ ነው ብላ ተወቻቸው።

ትምህርት ቤት «የሽፍታ ልጅ» ነው የምትባለው። ይህን የሚሏት በጠብ ጊዜ ብቻ አልነበረም፤ ስሟ ሆኖ ነበር። አግዳሚው ላይ ከጎኗ የሚቀመጥ ልጅ አይገኝም። የአንዱን ልጅ እናት፣ ተያት፣ ነገር ታመጣብሃለች ስትል በጆሮዋ ሰምታለች። የተሰማን መጨረሻ የሚያውቅ አልነበረም። የኦሞራቴ ንግድ የሚነግደው ሐቢብ፣ እሱን የሚመስል ሰው የኦሞን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ኬንያ ሲሄድ ያዩ ሰዎች አሉ አለ። በሃና ቆላ በኩል የመጡ ደግሞ ዛፍ ሥር ስለተገኘ አፅም አወሩ። አስካለ ሻይ እያቀረበች ይህን ሁሉ ትሰማለች። ሰሚ መሆኗን ያወቀ ሰው ግን ወሬውን ያቋርጣል።

ከሁሉም የባሰባት ሌላ ነገር ነው። የአባቷ ፊት ከሐሳቧ እየጠፋ ሄደ። ድምፁን ታስታውሳለች፤ የኮርቻውን የቆዳ ሽታ፣ የሚስልበትን አሳሳል ታስታውሳለች። ፊቱን ልታስብ ስትል ግን የሚመጣባት ያ ቀዳዳ ነው። ለሚያውቁት ሰዎች ሁሉ መልኩን ጠየቀች። አንዱ ጠይም ረጅም ነበር ይላታል፤ ሌላው ቀይ፣ መካከለኛ ይላል። አንዷ ሴት ጢሙን አወሳችላት፤ የሺመቤት ደግሞ ጢም ኖሮት አያውቅም አለች።

ልጓም ይዞ የቆመው ኤርጎ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ይወጣል። አሁን የራሱ መሬት አለው። ሲመጣ በሻይ ቤቱ ጓሮ በኩል ዞሮ፣ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ የተቀቀለ ጎደሬ ወይም ቦዬ ለአስካለ ይሰጣታል። ለምን እንደሚያመጣላት ተናግሮ አያውቅም። አባቷ ቤት ሳሉ እሷ ሕፃኗ እሱን «ኤርጎ» ብላ ነበር የምትጠራው፤ እሱም አቤት ይል ነበር። አሁን «ጋሼ ኤርጎ» ትለዋለች። የመጀመሪያ ቀን እንዲህ ስትለው ቀና ብሎ አያት። አማርኛው ሴትና ወንድ አይለይም፤ ሁልጊዜ «አንተ» ይላታል።

አንድ ቅዳሜ ጎደሬውን እየላጠች ጠየቀችው።

«ጋሼ ኤርጎ፣ አባቴ መልኩ እንዴት ነበር?»

«እኔ ፊቱን ብዙ አላይም» አለ ኤርጎ። «ልጓም የያዘ ሰው መንገዱን ነው የሚያይ።»

አስካለ ይህን ስትሰማ አንገቷን ደፋች። ከዚያ ከሰው ወሬ ልቧ ውስጥ የቀረውን ጥያቄ አወጣችው። «ክፉ ሰው ነበር?»

«ለእኔ ጌታ ነው። ለአንተ አባት ነው። እኔ የማውቀው ጌታውን ነው፤ እሱ ጥሩ አይደለም። አባቱን አንተ ታውቃለህ።»

«እኔም አላውቀውም» አለች አስካለ።

ኤርጎ ጎደሬውን እስክትጨርስ አጠገቧ ተቀምጦ ቆየና ገበያው ሳይበተን ተነሥቶ ሄደ። በሚቀጥለው ቅዳሜም እንደ ወትሮው መጣ።

በ1972 ዓ.ም. አንድ ከእረፍት የተመለሰ መምህር ለየሺመቤት ፖስታ አመጣላት። ውስጡ ፎቶ ብቻ ነበር። አሰገደች ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ወፈር ብላለች፤ አንድ ካኪ የለበሰ ጎልማሳ ሰው ከጎኗ ተቀምጧል፤ ዘውዴ መሀላቸው ቆሟል፣ አዲስ ጫማ አድርጓል። ጀርባው ላይ «ለማስታወሻ» የሚል አንድ ቃል ተጽፏል። የማን ማስታወሻ ለማን እንደሆነ አይናገርም። የሺመቤት ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አይታ ለአስካለ ሰጠቻት።

«በሕይወት አለች። ይበቃል» አለች።

አስካለ በዚያ ሳምንት አውሮፕላን ሲመጣ ከሻይ ቤቱ አልወጣችም። ድምፁን እየሰማች ብርጭቆ አጠበች። ቢጫውን ቀሚስ የሺመቤት ቆራርጣ የድስት ማውረጃ አደረገችው፤ አስካለም አልተቃወመችም።

ስምንተኛ ክፍል ስትደርስ ትምህርቱን አቋረጠች። በ1975 ወንድይፍራው የሚባል የመንገድ ሥራ ሠራተኛ አገባት። ወንድይፍራው ዝምተኛና ደግ ነው፤ ሥራው ግን ዲመካ በኩል ስለሆነ ቤቱ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። በዓመቱ ሽታዬ ተወለደች። አስካለ ልጇን ታቅፋ ስታጠባ የሚመጣባት ጥያቄ አንድ ነበር፤ እናቴ እንዴት ቻለችው? ባሏ ይህን ሐሳቧን ሳትነግረው ያውቃል። አንድ ጊዜ ከዲመካ ሲመጣ፣ ሄደሽ እይያት፣ አይተሽ ይውጣልሽ አላት። የቀበሌ የይለፍ ወረቀት አወጣላት፤ ጨርቅ ለማምጣት ወደ አዲስ አበባ ከምትመላለሰው ነጋዴ ከኸዲጃ ጋርም በጭነት መኪና እንድትሄድ አስማማላት። ሽታዬን የሺመቤት ዘንድ ተወቻት። በ1981 ዓ.ም. ጥር ነው።

በኮንሶ፣ በአርባ ምንጭ፣ በሻሸመኔ አድርገው አዲስ አበባ ገቡ። ኸዲጃ የፍቼ አውቶቡስ ድረስ ሸኘቻት። ፍቼ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ አስካለ እንዲህ ያለ ብርድ አታውቅም። ቤቱን ያገኘችው በአጎቷ ስም ሰው እያጠያየቀች ነው። ደህና ቤት ነው፤ አጥር አለው። አንኳኳች። በሩን የከፈተችው ሴት ፎቶው ላይ ካለችው ይልቅ ከስታለች።

«ማንን ፈልገሽ ነው?»

«አስካለ ነኝ።»

አሰገደች ወደ ኋላዋ፣ ወደ ቤቱ ውስጥ ገልመጥ አለች። ከዚያ ወጣችና በሩን ከኋላዋ ዘጋችው። ልጇን አጥሩ ጥግ ላይ ድምፅ ሳታሰማ አቀፈቻት። ለቀቅ ስታደርጋት የመጀመሪያ ንግግሯ ይህ ነበር።

«ሰው ከጠየቀሽ የእህቴ ልጅ ነኝ በይ።»

አስካለ እሺ አለች። ሌላ ምን ትላለች?

ባልየው የቀበሌ ሹም ነው። አሰገደችን ሲያገባት ባሏ በበሽታ የሞተባት የአንድ ልጅ እናት ብሎ ነው የሚያውቃት። አስካለን ደህና አድርጎ ተቀበላት፤ ስለ ጂንካ ማር ጠየቃት። ዘውዴ አሥራ አምስት ዓመት ሞልቶታል፤ «እትዬ» እያለ ይጠራታል፤ የአክስቱ ልጅ ናትና። በእናቱ ጭን ላይ ሆኖ ከጂንካ መሄዱን አያውቅም።

«እትዬ አስካለ፣ እናንተ አገር አንበሳ ከተማ ይገባል ይባላል፣ እውነት ነው?» አላት አንድ ቀን።

ድሮ ይገባ ነበር አለችው። እየተናገረች ፊቱን ትመረምራለች፤ ቅንድቡን፣ አፍንጫውን፣ ሲስቅ ጉንጩ የሚሆነውን። አባቷ እዚህ ፊት ላይ የሆነ ቦታ አለ ብላ ታስባለች፤ የቱ ጋ እንደሆነ ግን አታውቅም። ልጁ አስተያየቷ ስለከበደው አቀርቅሮ ወጣ።

እናቷ ደግሞ ፊት ለፊት አታያትም። ምግብ ስታቀርብላት ሳህኑን ታያለች። ስታናግራት ግድግዳውን ታያለች። ጎረቤት ሲመጣ «የእህቴ ልጅ ናት፣ ከደቡብ መጥታ» ትላለች። አስካለ በዚያ ቤት ያሳለፈችው ጊዜ ሜዳ ዳር ከቆመችበት ጊዜ ሁሉ ይልቅ የብቸኝነት ሆነባት። ሜዳው ላይ የምትጠብቀው ሰው ነበራት።

ከመሄዷ በፊት በነበረው ቀን አሰገደች፣ ገበያ እንሂድ ብላ አወጣቻትና ፎቶ ቤት ወሰደቻት። ከፊታቸው ወረፋ የያዙ ሙሽሮች ነበሩ። በረንዳው ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሁለቱ ብቻቸውን የሆኑት ያኔ ነው።

«ፎቶውን ስቆርጥ አይተሽኛል፤ አይደል?» አለች አሰገደች። «ኋላ ነው የገባኝ። ስንለያይ ፊትሽን ስታዞሪ።»

«አይቻለሁ።»

«ጠልቼው መሰለሽ?»

«አዎ።»

አሰገደች ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «የመጡት ሰዎች ያገሩ ሰዎች አልነበሩም፤ አያውቁትም። ፎቶ ካገኙ በየገበያው እያሳዩ ያስይዙታል ብዬ ነው። መልኩን ካላወቁት ያመልጣል አልኩ። ማምለጡንም አለማምለጡንም እስከ ዛሬ አላወቅሁ።»

አስካለ ከልጅነቷ ጀምሮ ይዛው የኖረችው ቂም በአንድ ጊዜ ባዶ ሆነባት፤ ከእጇ ሲወድቅ ግን በምትኩ የምትይዘው ነገር አላገኘችም።

«ለምን አልመጣሽም?» አለች።

«ወንድሜ ታሠረ። ዘውዴ ታመመ። ይሄ ሰውዬ ባይደርስልኝ አልቀን ነበር። ነገሩ ሲረጋ አመጣታለሁ፣ ለዚህ ሰው እነግረዋለሁ እያልኩ ጊዜው አለፈ። የሽፍታ ሚስት መሆኔ ቢታወቅ ዘውዴንም ይዤ እጠፋ ነበር። ሳይረጋ አንቺ አደግሽ።»

«ዘውዴ እሱን ይመስላል?»

እናቷ ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞራ አየቻት። «ዘውዴ እኔን ነው። አባትሽን የወጣሽው አንቺ ነሽ። ግንባሩ፣ አፉ፣ ሲቆጣ ዝም ማለቱ። በሩን የከፈትኩ ዕለት እሱ የመጣ መሰለኝ።»

ተራቸው ደረሰ። ፎቶ አንሺው ቀረብ ቀረብ በሉ አላቸው። ተጠጉ፤ እንደገና ቀረብ በሉ አለ። ፎቶው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል፤ በመካከላቸው ሌላ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ አለ። ለመታወቂያ የተነሱ ይመስላሉ።

ስትመለስ ሻሸመኔ ላይ መኪናው ጎማ ሊቀይር ቆመ። ኸዲጃ ለመስገድ ፈንጠር ስትል አስካለ ወረደችና በሾፌሩ በኩል ያለውን የጎን መስተዋት ፊቷ አጠገብ አድርጋ አየች። ግንባሯን አየች፤ አፏን አየች። ብዙ ቆየች። አባቷ አልታያትም። የታየቻት አቧራ የለበሰች፣ እንቅልፍ ያጣች ሴት ናት። ሾፌሩ ሲስቅባት ሰምታ ተመልሳ ወጣች።

ጂንካ ስትገባ ለባሏ፣ ደህና ናቸው፣ ሰላም ብለውሃል አለችው። ለየሺመቤትም እንዲሁ። ፎቶውን ከሌሎቹ ጋር ጣሳው ውስጥ ከታ ክዳኑን ጫነችበት። እናትሽ ዘንድ ሄደሽ ነበር ወይ ብሎ ለጠየቃት ሰው ሁሉ፣ አክስቴ ዘንድ ነው ትላለች። በፍቼ የለመደችውን ውሸት ጂንካ ድረስ ይዛው መጣች።

እንግዲህ ዝናቡ ጣሳውን ያስከፈታት ከዚህ ሦስት ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ፎቶዎቹ ከመርጠባቸው በፊት በነበረው ሳምንት ደግሞ ኸዲጃ ከአዲስ አበባ መልእክት ይዛላት መጥታ ነበር። አሰገደች የጂንካ ነጋዴዎች የሚያርፉበት ቤት ድረስ ከፍቼ መጥታ አግኝታታለች። ባሏ መንግሥት ሲለወጥ ታሥሯል። ለዘውዴ ሁሉንም ነግራዋለች። አሁን የሚያስፈራኝ የለም፣ ልጄ ትምጣልኝ፣ በስሟ ልጥራት ብላለች። ኸዲጃ ይህን ስትናገር አስካለ ጨርቅ እየመረጠች ነበር፤ የያዘችውን ጨርቅ ሳትገዛ አስቀመጠችና መልስ ሳትሰጥ ሄደች።

አሁን ሽታዬ አልጋው አጠገብ ተንበርክካ የፎቶ ቤቱን ፎቶ እያየች ነው።

«ይቺስ ሴትዮ ማን ናት?»

አስካለ፣ አክስቴ ናት ልትል አፏን ከፈተች። ልጇ ቀና ብላ ስታያት ቃሉ አልወጣ አላት።

«እናቴ ናት» አለች። «አያትሽ።»

ሽታዬ ግራ ገባት። ለእሷ አያቷ የሺመቤት ናት። «አልሞተችም እንዴ?»

«አልሞተችም። ፍቼ ነው ያለች።»

ከዚያ በኋላ የተጠየቀችውን ሁሉ መለሰች። በቅሎዋን፣ መቀሱን፣ እሳቱን፣ አውሮፕላኑን ነገረቻት። ነግራት ስትጨርስ የሚቀላት መስሏት ነበር፤ ልጅቷ ግን ታሪኩን እንደ ተረት ሰምታ፣ በቅሎዋ ከዚያ በኋላ የት ደረሰች ብላ ጠየቀች። ተሸጠች አለቻት። ሽታዬ በበቅሎዋ አዘነች፤ ዝናቡ አባርቶ ስለነበርም ወጥታ ሄደች።

በማግሥቱ መንደሩ በሙሉ አወቀ። ሽታዬ ያገኘችውን ሰው ሁሉ ፍቼ አያት እንዳለችኝ እወቁ ስትል ውላለች። ሴቶች እየመጡ፣ እናትሽ አለች እንዴ፣ እኛኮ የሞተች መስሎን ይሏታል፤ አስካለም አዎ፣ አለች ትላለች። የሺመቤት በሩ ላይ ያለው ዱካ ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ስትሰማ ቆየች። ዓይኗ ደክሟል። ሴቶቹ ሲሄዱ፣ ከፍቼ የመጣሽ ዕለት አውቄው ነበር፣ ፊትሽ ያስታውቃል አለቻት። ለምን አልጠየቁኝም ብትላት፣ አልነገርሽኝምና አለች። የሺመቤት ከዘራዋን ይዛ ስትነሣ አስካለ ልትደግፋት እጇን ዘረጋች፤ አሮጊቷ ግን እንደ ልማዷ ብቻዋን ተነሥታ ሄደች።

አስካለ ኸዲጃ ሱቅ የሄደችው ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት ነው። ኸዲጃ ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ ዕቃዋን እያሰናዳች ነበር።

«ለእናትሽ ምን ልበላት?» አለቻት።

«ሰምቻለሁ በያት።»

ኸዲጃ ሌላ ቃል ካለ ብላ እጇን ከሥራው ገትታ ጠበቀች። አስካለ ወደ መንገዱ ትመለከታለች። ጭቃው ገና አልደረቀም።

«የልጅ ልጅ አለቻት፤ ሽታዬ ትባላለች። አንደኛ ክፍል ገብታለች። እሱንም ንገሪያት» አለችና ነጠላዋን ተከናንባ ወደ ቤቷ ሄደች።